መጀመሪያ ዐለቱን ጠይቁ

ይድረስ ለዳይኖሰር ወዳጅ ወጣቶች፤

እንደምን ከረማችሁ? ስለ ዳይኖሰር ሲነሳ ከወጣት አፍ ቶሎ የሚወጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «ትልቁ የቱ ነው?» እና «ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?»። ጥያቄዎቹን አልንቅም፤ ጉጉት የሚጀምረው ከዚያ ነው። በዚያው የቀረ ሰው ግን አርባ ስም ሸምድዶ አንድ ዘመን ሳያውቅ ያድጋል። በቅሪተ አካል ሙያ ያረጀ ሰው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ «መቼ?»፣ ቀጥሎ «በየትኛው ዐለት ውስጥ?» ይላል። እንስሳው ራሱ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሚሊዮን ዓመት» ለአፍ ይቀላል፣ ለአእምሮ ይከብዳል። ስለዚህ በእጃችሁ ያዙት። ሦስት ሜትር ሲባጎ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ማርከር ፈልጉ። አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን፤ የሲባጎው አንዱ ጫፍ ዛሬ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ 252 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። የዳይኖሰር ዘመን የሚባለው፣ ሦስት ክፍሎች ያሉት ሜሶዞይክ የጀመረው እዚያ ነው፤ በምድር ታሪክ ከታወቁት እልቂቶች ሁሉ የከፋው ባለፈ ማግስት። 201 ላይ ትራያሲክ አልቆ ጁራሲክ ይጀምራል። 145 ላይ ጁራሲክ አልቆ ክሬታሺየስ ይገባል። 66 ላይ ክሬታሺየስ ያበቃል። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መለካት ግድ ነው፤ ስሕተት የሚገባውም መጋጠሚያው ላይ ስለሆነ መጀመሪያ 150 ላይ ቋጠሮ ቋጥሩ። ሌላው የተለመደ ስሕተት ሦስቱን ዘመኖች እኩል መክፈል ነው። እኩል አይደሉም፤ ትራያሲክ 51፣ ጁራሲክ 56፣ ክሬታሺየስ 79 ሴንቲ ሜትር ነው። ክሬታሺየስ ብቻውን ዳይኖሰሮች ካለቁ ወዲህ ካለፈው ጊዜ ሁሉ ይረዝማል።

አሁን እንስሶቹን በየቦታቸው አስቀምጡ። ጀርባው ላይ ሰሌዳ የደረደረው ስቴጎሶረስ 150 አካባቢ ይቆማል። ታይራኖሶረስ ሬክስ ከ68 እስከ 66 ባለው ሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ኖሮ አለቀ። በሁለቱ መካከል 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት አለ፤ ከታይራኖሶረስ እስከ እናንተ ግን 66 ብቻ ነው። ሁለቱን ሲታገሉ የሚያሳይ ሥዕል ካያችሁ ሠዓሊው ሲባጎ አልለካም ማለት ነው።

በዚሁ ሲባጎ ላይ የኛንም አገር ምልክቶች ጨምሩ። የሰሜን ምዕራብ ደጋውን የሸፈነው ጥቁር ባዛልት በብዛት የፈሰሰው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሴንቲ ሜትር ላይ ናት። የኛው ዝርያ፣ ሰው፣ ከጫፉ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይዟል። 1,700 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የአክሱም ሐውልት ከአንዲት ፀጉር ውፍረት ያነሰ ቦታ ነው ያለው፤ በማርከር ልታመለክቱት ብትሞክሩ የቀለሙ ነጥብ ብቻ መላውን የጽሑፍ ታሪክ ይውጠዋል።

ይህን ከያዛችሁ «ዳይኖሰሮች ምድርን ገዙ» የሚለውን አባባል መመርመር ትችላላችሁ። የገዙት ወዲያው አይደለም። በደንብ ከሚታወቁት ጥንታዊ ዳይኖሰሮች መካከል ኢዮራፕተርና ሄሬራሶረስ የሚገኙት በአርጀንቲና ኢሺጉዋላስቶ በሚባል ደረቅ ሸለቆ ነው፤ ዕድሜያቸው 231 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ኢዮራፕተር ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ ከጭራው ውጪ ሲታይ የውሻ ያህል ፍጡር ነበር። በዚያው ዐለት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቅሪተ አካል ግን የዳይኖሰር ሳይሆን ሪንኮሶር የተባሉ፣ አፋቸው እንደ ምንቃር የቆለመመ፣ ቅጠል በል ገበሎ አስተኔዎች ናቸው። የአደን ጌታውም ሳውሮሱከስ የሚባል የአዞ ወገን ነበር። ሲባጎው ላይ ከ231 እስከ 201 ያለውን ቁጠሩ፤ ዳይኖሰሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል በሌላው ጥላ ሥር ኖረዋል። ያ ከድንቅነሽ እስከ ዛሬ ካለው ጊዜ ዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው።

መንገዱን የከፈተላቸው የራሳቸው ጉልበት ብቻ አልነበረም። ሁሉም አህጉሮች ፓንጌያ በሚባል አንድ የብስ ተገጣጥመው ሳለ፣ ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት የብሱ መሐል ለመሐል መሰንጠቅ ጀመረ፤ ስንጥቁ በኋላ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሆነ። በስንጥቁ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ቅሪት ዛሬም በሞሮኮ፣ በብራዚልና በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተነጣጥሎ ይታያል። አብሮት የወጣው ጋዝ አየሩን አሞቀ፣ ባሕሩን አሲዳማ አደረገ፤ ከአዞ ወገን ትልልቆቹ አብዛኞቹ ጠፉ። ዳይኖሰሮች አለፉ። ለምን እነሱ አለፉ ለሚለው ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ «ጠንካሮች ስለነበሩ» ብሎ የሚመልስላችሁን ግን አትቀበሉት። ሳውሮሱከስ የሚያህለው አውሬ ደካማ አልነበረም።

እስቲ ደግሞ ዳይኖሰርን ከሌላው የሚለየውን አጥንት እንይ። ለዚህ ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም፤ በዓል ሲመጣ ወጥ ቤት ግቡ። ዶሮዋ ተበልታ ሲያበቃ የጀርባዋንና የዳሌዋን አጥንት ለዩና ሥጋውን አጽዱ። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበትን ጉድጓድ ፈልጉና ወደ መስኮት ያዙት። ብርሃን ያሳልፋል። በእንሽላሊትም ሆነ በሰው ዳሌ ላይ ያ ጉድጓድ በአጥንት የተደፈነ ሣህን ነው፤ በዳይኖሰር ላይ ግን ወለል ብሎ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ምክንያቱ አቋም ነው። እንሽላሊት እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ስለሚሄድ ክብደቱ ጉድጓዱን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የዳይኖሰር እግር ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከሰውነቱ ሥር ስለቆመ ጭነቱ የሚያርፈው በጉድጓዱ የላይኛው ከንፈር ላይ ነው። ወለሉ ሥራ ስላልነበረው አልኖረም። አጥንቱ ሲቀቀል ከተሰበረ ሙከራው ያሳስታችኋል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ለስላሳና ክብ ካልሆነ ስብራት ነው።

ዶሮዋ እዚህ የመጣችው ለምሳሌ ያህል አይደለም። ራሷ ዳይኖሰር ናት። በጀርመን ዞልንሆፈን የኖራ ድንጋይ ውስጥ በ1861 የታወቀው አርኪዮፕተሪክስ የወፍ ክንፍ፣ የዳይኖሰር ጥርስና ረጅም የአጥንት ጭራ አንድ ላይ ይዞ ተገኝቷል። በ1996 ደግሞ ከቻይና ልያውኒንግ ግዛት የወጣው ሳይኖሶሮፕተሪክስ መብረር የማይችል፣ ሰውነቱ ግን ለስላሳ ላባ መሰል ነገር የለበሰ ዳይኖሰር ነበር። ዛሬ 11,000 ያህል የወፍ ዝርያዎች አሉ። ስለዚህ «ዳይኖሰሮች ጠፍተዋል» ከማለት «ከወፎች በቀር ጠፍተዋል» ማለት ይሻላል። በሌላ በኩል፣ በሰማይ ይበሩ የነበሩት ቴሮሶሮች፣ በባሕር ይዋኙ የነበሩት ፕሊሲዮሶሮችና ኢክቲዮሶሮች ዳይኖሰር አይደሉም። ጀርባው ላይ ሸራ ያለው ዲሜትሮዶን ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች አርባ ሚሊዮን ዓመት ያህል ቀድሞ የኖረ፣ ለአጥቢዎች የሚቀርብ ዘመዳችን ነው። የፕላስቲክ መጫወቻ ሻጮች ሁሉንም በአንድ ከረጢት ያስገቧቸዋል።

ከሦስቱ ዘመኖች ለአፍሪካ ልጅ ይበልጥ የሚቀርበው የጁራሲክ መጨረሻ ነው። ደቡብ ታንዛኒያ ውስጥ ተንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ። ከ1909 እስከ 1913 የጀርመን ቡድን በዚያ ቆፍሮ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸውን አጥንቶች አወጣ። «ቆፈረ» ስል ቆፋሪዎቹ አፍሪካውያን ነበሩ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አጥንቱን ከመሬት አውጥተው፣ በራሳቸው ተሸክመው፣ በእግራቸው ወደ ሊንዲ ወደብ አደረሱት። ከእነሱ የበላይ ኃላፊ የነበረው ቦሄቲ ቢን አምራኒ ስሙ ለዘመናት ከመጽሐፍት ተዘንግቶ ቆይቶ፣ በ2007 አንድ ረጅም አንገት ዳይኖሰር አውስትራሎዶከስ ቦሄቲይ ተብሎ ተሰይሞለታል። ከተንዳጉሩ የተገኘው ጅራፋታይታን ዛሬ በበርሊን ሙዚየም ቆሞ ከወለል እስከ ራስ ቅሉ 13.27 ሜትር ይለካል፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው።

ስለዚሁ እንስሳ ክብደት ልንገራችሁ፤ ቁጥር ስትሰሙ ጆሮአችሁን እንድታቀኑ ይረዳችኋል። ከ1962 የተሰላ አንድ ግምት 78 ቶን ይላል። ከ1980 የተሰላ ሌላ ግምት 15 ቶን ይላል። ሁለቱም ስለ በርሊኑ አፅም ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያው የተሠራው የእንስሳውን ትንሽ ሞዴል ሠርቶ መጠነ ይዘቱን በመለካት ነው፤ ሞዴሉን የቀረጸው ሰው ሆዱን ትንሽ ካወፈረው ስሕተቱ ወደ እውነተኛው መጠን ሲባዛ ቶን በቶን ይጨመርበታል። ሁለተኛው የተሰላው ከክንድና ከጭን አጥንት ዙሪያ ነው፤ ክብደት የሚሸከም አጥንት ውፍረቱ ከጭነቱ ጋር ይሄዳልና። እሱም የራሱ ችግር አለው፤ ስሌቱ የተወሰደው ዛሬ ካሉ እንስሳት ነው፣ ከነሱ ውስጥ ደግሞ የጅራፋታይታንን ግማሽ የሚመዝን የየብስ እንስሳ የለም። የዳይኖሰሩ አከርካሪ እንደ ወፍ አጥንት በአየር ከረጢት የተቦረቦረ መሆኑ ሲታሰብ አሁን ግምቱ በአብዛኛው ከ23 እስከ 40 ቶን መካከል ይወድቃል። «60 ቶን ይመዝን ነበር» ብሎ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው ሲገጥማችሁ «በምን ተለክቶ?» በሉት።

ምን ይበላ ነበር? ሣር አይደለም። በጁራሲክ ሣር አልነበረም፤ አበባ ያላቸው ዕፅዋት በብዛት የመጡት በክሬታሺየስ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ቡና፣ ሙዝ፣ እንሰት፣ አንዳቸውም አልነበሩም። የነበረው ፈርን፣ ሳይካድ የሚባል ዘንባባ መሰል ተክልና ፍሬያቸውን በአበባ ሳይሆን በኮን የሚይዙ ዛፎች ናቸው። የኛ አገር ዝግባ የሚመደብበት ቤተሰብ በዚያን ዘመን በደቡቡ የብስ ላይ ነበረ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ያረጀ ዝግባ ሥር ስትቀመጡ ከዳይኖሰር ዘመን የዛፍ ዘር ሥር ተቀምጣችኋል።

«231 ሚሊዮን» የሚለውን ቁጥር ማን ቆጠረው? አጥንቱ ራሱ ዕድሜውን አይነግረንም። በካርቦን 14 ይለካል የሚል ካላችሁ ተሳስቷል፤ የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 5,730 ዓመት ነው፣ 50,000 ዓመት ሲሞላው ከመጀመሪያው መጠን የሚቀረው ከመቶ 0.2 ያህል ብቻ ነው። ለዳይኖሰር የሚያገለግለው ከአጥንቱ በላይና በታች የተነጠፈ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታስየም 40 ይይዛሉ፤ እሱ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ይሆናል። ወይም ዚርኮን በሚባል ማዕድን ውስጥ ያለው ዩራኒየም ወደ እርሳስ ሲለወጥ ይለካል። በመሶብ የተደራረበውን እንጀራ አስቡ፤ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረ ነው። አጥንቱ በሁለት አመድ መካከል ከሆነ ዕድሜው ከታችኛው ያንሳል፣ ከላይኛው ይበልጣል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ወንዝ ከሌላ ቦታ ያረጀ ዚርኮን አምጥቶ ከአዲሱ አመድ ጋር ሲቀላቅለው ዐለቱ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ክሪስታሎቹ አንድ በአንድ የሚለኩት። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ በዝናብና በሙቀት ሲበሰብስ አርጎኑ ያመልጣል፣ ዐለቱም ከዕድሜው በታች ወጣት ይመስላል።

አሁን ወደ አገራችን ልውረድ፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢትዮጵያ የቅሪተ አካል አገር ስለሆነች ዳይኖሰር አፋር ውስጥ የሚገኝ ይመስለዋል። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት የሀዳር ደለል ሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ በሲባጎው ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር። እዚያ ዳይኖሰር መፈለግ የዛሬ ጋዜጣ ላይ የአድዋን ጦርነት ዜና እንደ መፈለግ ነው።

የዳይኖሰር ዘመን ዐለት ካለባቸው ቦታዎች መካከል የዓባይ በረሃና የገባሮቹ ሸለቆዎች ይገኛሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ በመስኮት ብቻ እያያችሁ ሜሶዞይክን ከላይ ወደ ታች ትገልጡታላችሁ። በአጠቃላይ በዚያ አካባቢ ሸለቆዎች ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ ደብረ ሊባኖስ የሚባለው የክሬታሺየስ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቀይና አረንጓዴ የሚያጠቅሰው የሙገር የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ በባሕር ዛጎል የተሞላው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰም (የጄሶ ድንጋይ) ያለበት የጎሐ ጽዮን ንጣፍ፣ ከሁሉም በታች የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ። ሁሉም ንጣፍ በሁሉም ቦታ እኩል አይወፍርም፤ አንዳንድ ቦታ የሳሳ አለ። በአሸዋ ድንጋዩና በባዛልቱ መካከል ደግሞ አሥርት ሚሊዮን ዓመታት ጠፍተዋል፤ ገጾቹ ተቀደዋል።

ሙገር ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሲሚንቶ ነው። ለኛ ሙያ ግን የጭቃ ድንጋዩ ይበልጣል። ባሕሩ በጁራሲክ መጨረሻ ወደ ምሥራቅ ሲያፈገፍግ ወንዞች በላዩ ጭቃ አነጠፉ፤ የየብስ እንስሳት ቅሪት የተጠበቀው በዚያ ነው። በ1990ዎቹ የበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፓሊዮንቶሎጂ ሙዚየም ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በጀማ ሸለቆ አካባቢ ሠርቶ፣ ከሥጋ በልም ከዕፅ በልም ዳይኖሰሮች የወደቁ ጥርሶች አግኝቷል። ዕድሜውን የለዩት በአመድ ሳይሆን በዐለቱ ውስጥ በቀረው የዕፅዋት ብናኝ ነው፤ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት፣ የተንዳጉሩ ዘመን። በተንዳጉሩና በሙገር መካከል ያኔም እንደ ዛሬው ውቅያኖስ አልነበረም።

ጥርስ ለምን በብዛት ተገኘ? ዳይኖሰር እንደ አዞ ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ይቀይራል፤ የጥርሱ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ደግሞ ከአጥንት ይልቅ ይጠነክራል። ትንንሹን ለማግኘት የሚሠራው ሥራ ዓይን ሳይሆን ወንፊት ይፈልጋል። የጭቃ ድንጋዩ ተቆፍሮ በፀሐይ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይሰጣል፤ ይህን የሚዘል ሰው ሥራው ይበላሽበታል፣ ምክንያቱም እርጥብ ሸክላ ውኃ ውስጥ ቢነከር አይፈርስም፣ የደረቀው ግን ውኃ ሲነካው ይፈረካከሳል። ከዚያ ተነክሮ፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት በቀስታ ይወዘወዛል። በእጅ አይታሽም። ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አጥቢዎች ጥርስ፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆነው፣ ከጭቃው ጋር ትሄዳለች። የቀረው ደርቆ በማይክሮስኮፕ ሥር በእርጥብ ቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይለቀማል። ለአንዲት ጥርስ ብዙ ኪሎ ጭቃ ማጠብ የተለመደ ነው። ሰልቹ ከሆናችሁ ሌላ ሙያ ፈልጉ፤ ቅር አይለኝም።

ትልቅ አጥንት ሲገኝ ሥራው በጄሶና በጆንያ ነው። የአጥንቱ የላይኛው ገጽ ይገለጣል፣ ዙሪያው ይቆፈርና በአፈር ምሰሶ ላይ እንደ እንጉዳይ ይቀራል። መጀመሪያ እርጥብ የመጸዳጃ ወረቀት በሁለት ሦስት ድርብ ይለጠፍበታል፤ ይህ ከተረሳ ጄሶው አጥንቱን ነክሶ ይይዝና ቤተ ሙከራ ሲከፈት ቆዳውን ይገፈዋል። ከዚያ በጄሶ የተነከረ የጆንያ ቁራጭ እየተደራረበ ይጠቀለላል። ጄሶው ሳይደርቅ የሚገለብጥ ሰው አጥንቱን ከሥር አፍስሶት ባዶ ቅርፊት ይዞ ይቀራል። የተሰነጠቀ አጥንት ላይ የአናጢ ኮላ አታፍስሱ፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ በኋላ ላዩን ያፈርሰዋል። ባለሙያ የሚጠቀመው በአሴቶን የሟሟ፣ ፓራሎይድ የሚባል ሙጫ ነው፤ ሲያስፈልግ መልሶ ሊወገድ ይችላል።

ስለ ዳይኖሰሮች መጨረሻ አጭር ልሁን፤ ብዙ ተብሎበታል። በ1980 ሳይንቲስቶቹ አባትና ልጅ፣ ሉዊስና ዎልተር አልቫሬዝ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በጣሊያን ጉቢዮ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሸክላ ንጣፍ ውስጥ በምድር ላይ ብርቅ የሆነውን ኢሪዲየም የሚባል ብረት በዝቶ አገኙት፤ ከሰማይ መጣ አሉ። በ1991 የሜክሲኮ ዩካታን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ የዚያ ምት ቦታ ተብሎ ተለየ። የመታው አስትሮይድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የክፋቱ ክፋት ያረፈበት ዐለት ጂፕሰም ያለበት መሆኑ ነው፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ እንዳለው ዓይነት። ጂፕሰም ሲተን ድኝ ይለቃል፣ ድኙ አየር ላይ ፀሐይን ይጋርዳል፤ ቅጠል ሲጠፋ ቅጠል በሉ፣ ቅጠል በሉ ሲጠፋ ሥጋ በሉ ተከተለ። ከዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህል ጠፋ። ይህን ሸክላ በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ አትፈልጉት፤ ከተቀደዱት ገጾች አንዱ እሱ ነው።

ሽርሽር ወጥታችሁ ጀማ ወይም ሙገር ሸለቆ ውስጥ አንድ ነገር ዓይናችሁን ቢስበው፣ አጥንት መሆኑን ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዛችሁ ስብራቱን እዩ፤ አጥንት እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ውስጥ አለው፣ ድንጋይ የለውም። ምላስ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ አጥንት ነው የሚሉ አሉ፤ ሸክላም ይጣበቃል፣ አትመኑት። ጥርስ ከሆነ ወደ ጎን የጠፈጠፈ፣ የቆለመመ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተነከሰ ብዙውን ጊዜ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው፤ ክብና ሾጣጣው ብዙውን ጊዜ አዞ ነው። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ቅሪተ አካል በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይቆፈርም፣ ከአገር አይወጣም። ደግሞም ከንጣፉ የተነቀለ ጥርስ ከየትኛው ዐለት እንደመጣ ካልታወቀ ዘመኑ አብሮ ይጠፋል። ባለበት አንድ ጊዜ ከቅርብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የገደሉ ንጣፎች እንዲታዩ ከሩቅ ፎቶ አንሱት፤ የስልካችሁን የቦታ ቁጥር ጻፉ፤ ከላይና ከታች ያለውን ዐለት ቀለምና ሸካራነት በሁለት መስመር መዝግቡ፤ ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። መጠኑ እንዲታይ ፎቶው ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡበት፤ ስትሄዱ ግን አንሡት፣ ከጁራሲክ ጭቃ ላይ ሳንቲም የሚለቅም ባለሙያ ይስቅባችኋል።